ስሪዲ ስላይሰር ድሬዳዋ ላይ በተራ ላፕቶፕ፦ የታማሚን ሰውነት በራሱ ልክ መስራት

"ይሄ ስላይሰር እምትሉት ነገር የምር ይሰራል?" የሚለው ጥያቄ ከበዛ ቆየ። ሐረር ያሉ ሬዚደንቶችም (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማሩ ያሉ ሀኪሞች) ይጠይቃሉ ድሬ ያሉ የባዮሜዲካል ልጆችም ይጠይቃሉ፣ እና አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ባጭሩ ይሰራል፣ በደንብ ይሰራል፣ ሳንቲም አያስከፍልም። ግን ከሶፍትዌሩ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ሲቲው (ሰውነትን በራጅ ቁራጭ በቁራጭ የሚያነሳው ምርመራ) እንዴት እንደተነሳና ሲዲው ላይ ምን እንደተጻፈላችሁ ነው፣ ስለዚ እሱ ላይ ሰፋ አርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ።

ለማያውቀው፣ ስሪዲ ስላይሰር የሲቲ ወይም የኤምአርአይ ምስል ይቀበልና ከውስጡ የምትፈልጉትን፣ አጥንት በሉት ጉበት በሉት የደም ስር በሉት፣ ለይታችሁ አውጥታችሁ ዙሪያውን እያዞራችሁ የምታዩት ሞዴል እንድታደርጉት የሚረዳ ፕሮግራም ነው። በፈረንጆቹ 1998 ቦስተን ውስጥ ነው የተጀመረው፣ የብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታልና የኤምአይቲ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው፣ መነሻው የአንድ ተማሪ የማስተርስ ስራ ነበር፣ ዛሬ ከየአገሩ ሰው ይጨምርበታል። ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ክራክ ስትፈልጉ ላፕቶፓችሁን ቫይረስ በቫይረስ ማድረግ የለም፣ ከራሱ ዌብሳይት ታወርዳላችሁ፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይጫናል።

ለምን እንዲህ እንደምወደው ልንገራችሁ። የሰው ሰውነት ሞዴል ኮምፒውተር ላይ መስራት አዲስ አይደለም፣ ግን ለረጅም ጊዜ ሞዴሉ የማንም ሰው አልነበረም፣ የአማካይ ሰው ነበር። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ1975 ያወጣውን መደበኛ ሰው ብትወስዱ፣ ዕድሜው ከ20 እስከ 30፣ ክብደቱ 70 ኪሎ፣ ቁመቱ 170 ሳንቲሜትር፣ ነጭ፣ አኗኗሩ የምዕራብ አውሮፓ ወይም የሰሜን አሜሪካ፣ የሚኖርበት አገር አማካይ ሙቀት ደሞ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ተብሎ ነው የተጻፈው። እስቲ አሁን ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ሲመታ ገንደ ቆሬ እምትኖር 45 ኪሎ የሆነች እናት እዚህ ውስጥ የት አለች? የለችም። ሐረር መኪና ግርግር ሄዳችሁ ቀሚስ ስታሰፉ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻችሁን ወገባችሁን ይለካል፣ የጎረቤታችሁን ልክ አይሰፋላችሁም፣ ለቀሚስ እሺ ያላልነውን ለዳሌ አጥንትና ለልብ ለምን እሺ እንላለን? ስላይሰር ለኔ ትልቅ የሆነው እዚህ ጋ ነው፣ ከራሱ ከታማሚው ምስል ነው እሚነሳው።

ላፕቶፕ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የራሱ መመሪያ እሚለው የምትከፍቱት ዳታ 10 እጥፍ ራም ይኑራችሁ ነው። ሂሳቡን ስታዩት አንድ የሲቲ ስላይስ፣ ማለትም አንዷ የሰውነት ቁራጭ ምስል፣ 512 በ512 ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት፣ 400 ስላይስ ቢኖር 210 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል፣ 10 እጥፉ 2 ጊጋ ነው፣ ስለዚ እዚሁ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ካለው ለአጥንት ስራ ይበቃዋል፣ ኤስኤስዲ ካለው ደሞ ደስ ይላል። ሙቀቱ ግን አቦ ቀልድ አይደለም፣ ከቀትር በኋላ ፋኑ እየጮኸ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እኔ ከበድ ያለውን ማታ ነው እምሰራው። ሌላው መብራት ነው፣ ስላይሰር በራሱ ሴቭ አያደርግም፣ ባትሪያችሁ የደከመ ከሆነ በየመሃሉ ኮንትሮል ኤስ መምታት ልማድ ይሁንባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሲቲው።

ብዙ ሰው ሲቲ ተነስቶ ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ያቺን ትልቅ ጥቁር ፊልም ነው። ፊልም ለዓይን ነው፣ ለሞዴል ምንም አይሰራም፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልኝም ምንም ላረግላችሁ አልችልም። እሚያስፈልገው ዲይኮም የሚባለው ፋይል ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቁጥር ያለበት። ቁጥሩ ሀውንስፊልድ ይባላል፣ በጎድፍሪ ሀውንስፊልድ ስም፣ ሲቲን በመስራት በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር ኖቤል ያገኘው ሰውዬ። ውሃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 አካባቢ፣ ጠንካራ አጥንት ከብዙ መቶ ወደ ላይ። ስላይሰር አጥንትን ከስጋ የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው፣ ፊልም ላይ ቁጥሩ ጠፍቷል።

ሲዲ ማግኘቱም ብቻውን አይበቃም፣ ውፍረቱ ነው ወሳኙ። ማሽኑ ሲያነሳ በቀጭኑ ያነሳና ለሀኪም ማያ እንዲቀል 5 ሚሊሜትር አርጎ ያጠቃልለዋል፣ ሲዲው ላይም ብዙ ጊዜ ያንን ወፍራሙን ነው እሚጽፉላችሁ። የዳሌ ሲቲ ስፋቱ 400 ሚሊሜትር ቢሆን ለ512 ሲካፈል አንዱ ነጥብ በጎን 0.78 ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ታች ደሞ 5 ሚሊሜትር፣ ማለትም በአንድ በኩል ከስድስት እጥፍ በላይ የተጎተተ ጡብ ሆነ ማለት ነው። ከዛ እምታወጡት የጭን አጥንት ራስ ክብ አይሆንም፣ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፣ ስንጥቁ በሁለት ስላይስ መሃል ካለፈ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሶፍትዌሩ ላይ ስሙዚንግ የሚባል አለ፣ ደረጃውን ያለሰልሰዋል፣ ግን ያልተለካን ነገር አይፈጥርላችሁም፣ ቆንጆ የሚመስል የውሸት አጥንት ነው እሚሰጣችሁ፣ እና ይሄ ከአስቀያሚው እውነት የባሰ ነው ምክንያቱም ሰርጀኑ ያምነዋል።

አንድ የምርመራ ቦታ ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ የታማሚው አባት ሲዲ ሲጠይቁ "አባባ ሀኪሙ ፊልሙን ነው እሚያየው፣ ሲዲ ምን ያረግልዎታል?" ተባሉ። ያናድዳል። የልጃቸው ምስል ነው፣ ከፍለውበታል፣ ከማንም በላይ የሳቸው ነው። ኋላ ሬዚደንቱ ራሱ ደውሎ ነው ያስገለበጠው፣ እንደ ዕድል ዳታው ገና ማሽኑ ላይ ነበር። ማሽኑ የሚይዘው ጥሬ ዳታ የዲስክ ቦታ ሲሞላ በአዲስ ይተካል፣ ስለዚ በቀናት ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ፣ ከወር በኋላ ሄዳችሁ ቀጭኑን ስጡኝ ብትሉ ላይኖር ይችላል። ስትጠይቁ "ሙሉውን ዲይኮም፣ 1 ሚሊሜትር ወይም ከዛ የቀጠነውን ሲሪስ (የምስል ስብስብ)፣ ጄፔግ አይደለም" በሏቸው። ሁለት ዓይነት ካለ የለሰለሰውንም ጨምሩልኝ በሏቸው፣ የአጥንት ተብሎ የተሳለው ምስል ለዓይን ጥርት ይላል ግን ቁጥሮቹ ስለሚረበሹ ለመለየት ያስቸግራል። በተረፈ ቴክኒሻኖቹ አብዛኞቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ በትህትና አስረዷቸው።

ስላይሰር ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሴግመንት ኤዲተር ላይ ትሬሾልድ የምትባል አለች፣ ከዚህ ቁጥር በላይ ያለውን ሁሉ አጥንት በለው ትሉታላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ያሳያችኋል። እዚህ ጋ ነው "በራሱ ልክ" የሚለው ነገር በእጃችሁ ሲገባ እምታዩት። ዩቲዩብ ላይ ያለ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ልክ ለሁሉም ሰው አንድ እንደሆነ። ለጎረምሳ አጥንት 250 ብላችሁ ዳሌው ሙሉ ይመጣል፣ ያንኑ ቁጥር አጥንታቸው የሳሳ የ70 ዓመት እናት ላይ ብታስቀምጡት የዳሌያቸው ክንፍ ወንፊት ይሆናል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። አጥንቱ ተቀዶ አይደለም፣ ስስ ስለሆነ በአንድ ነጥብ ውስጥ ከስጋው ጋር ተደባልቆ ቁጥሩ ወርዶ ነው። ቁጥሩን ዝቅ ስታደርጉት ደሞ ሌላ ቦታ ላይ ስጋና የደም ስር ይገባል። መፍትሄው ሰውዬውን እያዩ ማስተካከል ነው፣ ሦስቱን መስኮቶች (ከላይ፣ ከፊትና ከጎን የተቆረጠውን ምስል የሚያሳዩትን) እያገላበጡ ድንበሩ በትክክል አጥንቱ ጠርዝ ላይ መሆኑን ማየት፣ የቀረውን በእጅ በብሩሽ መሙላት። ትዕግስት ይፈልጋል፣ በአንድ ቁልፍ አያልቅም።

የባጃጅ አደጋ የደረሰበትን ልጅ ልንገራችሁ፣ ቅድም አባቱን ያነሳሁት። የግራ ዳሌው ጎድጓዳ፣ የጭን አጥንት ራስ እሚቀመጥበት፣ ተሰባብሯል፣ ቀኙ ደህና ነው። ሬዚደንቱ ሐረር ነው፣ ጓደኛዬ ነው፣ "እስቲ ይሄን አውጣልኝ፣ ሲኒየሩ እንዲያዩት" አለኝ፣ ሲኒየሩ የበላዩ ሰርጀን ናቸው። ከባዱ ነገር ስብራቱ አልነበረም፣ የጭን አጥንቱን ራስ ከጎድጓዳው መነጠል ነው፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ትሬሾልድ ሁለቱን አንድ አርጎ ያጣብቃቸዋል። ግሮው ፍሮም ሲድስ የምትባለዋን ተጠቀምን፣ ጭኑ ላይ በአንድ ቀለም ዳሌው ላይ በሌላ ቀለም ጫር ጫር ታደርጋላችሁ፣ እሱ ድንበሩን ራሱ እያሰፋ ይፈልጋል፣ ከዛ የሳተውን በመቀስ መቁረጥ። ጭኑን ስናጠፋው ጎድጓዳው ከውስጥ ወለል ብሎ ታየ፣ የኋላው ግድግዳ በስንት ቁራሽ እንደተከፈለና የትኛው ቁራሽ ወደ ውስጥ እንደዞረ፣ ፊልሙ ላይ ስንት ሰው አይቶት ያልተስማማበት ነገር።

ከዛ ደህናውን ቀኙን ሰርፌስ ቱልቦክስ ላይ ሚረር አርገን ገለበጥነው፣ የልጁ የራሱ ግራ ዳሌ ከመሰበሩ በፊት ለሚመስለው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፣ ከየትኛውም የመማሪያ ሞዴል ይበልጣል። ኢንጂነሪንግ ያስተማረ አንድ ወዳጃችን ጋ ትንሽ ስሪዲ ፕሪንተር አለ፣ እሱ ላይ አተምነው። ሲኒየሩ በእጃቸው ይዘው አገላብጠው "የማን ነው?" አሉ። "የልጁ ነው ዶክተር" አለ ጓደኛዬ። "ቀኙ ነው ግራው?" ትክክለኛ ጥያቄ። የተገለበጠ ሞዴል መያዝ አደገኛ ነው፣ ስለዚ ከማተማችን በፊት ላዩ ላይ ጽሁፍ ቀርጸንበት ነበር፣ ግራ፣ ከቀኝ የተገለበጠ ብለን፣ እናንተም ሳትጽፉ አንድም ነገር አታትሙ። ሚዛኑንም አረጋግጡ፣ ለፕሪንተሩ የሚሰጠው ኤስቲኤል የሚባለው ፋይል ውስጡ ሚሊሜትር ይሁን ኢንች አልተጻፈም፣ ስክሪን ላይ የለካነው የጭን አጥንት ራስ 47 ሚሊሜትር ነበር፣ የታተመውን በካሊፐር ስንለካው 47 መጣ፣ ያኔ ነው ያመንነው። ስብራቱን የሚይዘውን ብረት፣ ፕሌቱን፣ እዛ ላይ አስጠግተው አስቀድመው በልኩ አጎበጡት፣ ከዛ ፕሌቱ ብቻ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያው) ተቀቅሎ ገባ። ሞዴሉ የታተመበት ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ የኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ ውስጥ ከገባ ቅርጹ ይበላሻል፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ቶታል ሴግመንቴተር የሚባል ተጨማሪም አለ፣ በስላይሰር ውስጥ ይጫናል፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ያለው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የሰራው፣ መጀመሪያ ሲወጣ 104 የአካል ክፍል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለይቶ ያወጣል ተብሎ ነው፣ ያወጣልም። ጤነኛ አካል ላይ ይገርማል፣ በእጅ ስትለፉ የምትውሉበትን ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ይጨርሰዋል። ግን ሲጫን ብዙ ጊጋ ይጎትታል፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ፋስት የሚለውን ነው እምትጠቀሙት፣ እሱ ደሞ 3 ሚሊሜትር አርጎ ስለሚሰራ ያን ሁሉ ለምናችሁ ያገኛችሁትን ቀጭን ስላይስ ያባክነዋል። የተሰባበረ አጥንት ላይም አልተማመንበትም፣ የተማረው ብዙ ሰው አይቶ ነው፣ ቁራሽ ከቦታው ሲወጣ ድንበሩን እሱ ወደሚያውቀው ቅርጽ ሲያስጠጋው አይቻለሁ። ለመነሻ ያዙት፣ ከዛ በእጅ አርሙ።

አንድ ነገር ላይ ሰው እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ስላይሰር የሚሰጣችሁ ቅርጽ ነው። ቅርጽ ደሞ የሰውዬው ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል፣ በተለይ ደም ስርና ልብ ላይ። ሲምቫስኩላር የሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ስታንፎርድ ነው መነሻው፣ ከሲቲው የደም ስሩን አውጥታችሁ በውስጡ ደም እንዴት እንደሚፈስ የሚያሰላ። እሱን የሞከረ ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት ነገር አለ፣ የደም ስሩ ሞዴል የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት፣ ጥቃቅኖቹ ሲቲ ላይ አይታዩም፣ ከተቆረጠው ጫፍ በኋላ ያለው ሰውነት ምን ያህል እንደሚገፋ ለኮምፒውተሩ መንገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ዛሬም የሚጠቀሙት ዊንድኬሰል የተባለ፣ ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 የጻፈው ሂሳብ ነው፣ ቁጥሩን የሚያስተካክሉት ደሞ ከታማሚው ክንድ በተለካ የደም ግፊትና በአልትራሳውንድ በታየ የደም ፍሰት ነው። ግፊቱ 180 የሆነ ሰው ላይ 120 ብላችሁ ብታሰሉ ቅርጹ የሱ ነው፣ ደሙ ግን የሌላ ሰው ነው። ስለዚ ያቺ ጤና ጣቢያ ላይ ያለች የደም ግፊት መለኪያ በትክክል መለካቷ ከውድ ኮምፒውተር እኩል ዋጋ አላት፣ ይሄን ስል የምሬን ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ በገንዘብ የሚሰሩትም አሉ፣ ሃርትፍሎው የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2014 ከኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ) ፈቃድ አግኝቷል፣ የልብ ሲቲ ይላክለታል፣ የሰውዬውን የልብ ደም ስር ሞዴል ይሰራና ጥበቱ የደሙን ግፊት ስንት እንደሚቀንስ በስሌት ይነግራል፣ ከጥበቱ በኋላ ያለው ግፊት ከጥበቱ በፊት ላለው ሲካፈል 0.80 እና ከዛ በታች ከሆነ ጥበቱ ደም እየከለከለ ነው ይባላል። ድሮ ያንን ለማወቅ ሽቦ በደም ስር አስገብቶ ልብ ድረስ መሄድ ነበር። እኛ ጋ ለመድረስ ሩቅ ነው፣ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ከስላይሰሩ ጋር አንድ ነው፣ ጥሩ ምስል፣ ጥሩ መለየት፣ እና የዚህን ልጆች ዛሬ ላይ ብናስተምር ነገ ማሽኑ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል።

የማልወድለት ነገር አለ ወይ ካላችሁ አዎ። ሜኑው ጫካ ነው፣ አዲስ ሰው ሞጁሎች የሚለውን ሲከፍት ይደነግጣል፣ የአማርኛ መመሪያ የለም፣ ስሞቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ከዛ በላይ ደሞ መታወቅ ያለበት፣ ሰሪዎቹ ራሳቸው ለምርምር ነው እንጂ ለህክምና ውሳኔ የተፈቀደ አይደለም ይላሉ፣ ስለዚ ሞዴሉን አይቶ የሚወስነው ሰርጀኑ ነው፣ ዋናውን ሲቲ ከጎን ከፍቶ። እና እባካችሁ ዲይኮም በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ፣ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የታማሚው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የካርድ ቁጥር ተጽፏል፣ ፎቶው ላይ ባይታይም ውስጡ አለ። ከስላይሰር ላይ ምስሉን ብቻ ኤንአርአርዲ በሚባል የፋይል ዓይነት ሴቭ ካደረጋችሁት ስሙ አብሮ አይሄድም። የጭንቅላት ሲቲ ከሆነ ግን እሱም አይበቃም፣ ከቆዳው ፊቱን መልሶ ማውጣት ይቻላል፣ ድሬ ደሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰው ይተዋወቃል።

ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ ለአጥንት፣ ለደም ስር 4፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ሌላ ሶፍትዌርና ሌላ ልኬት ያስፈልጋችኋል። ለሬዚደንት፣ ለባዮሜዲካል ተማሪ፣ አናቶሚ ለሚያስተምር ሰው ሁሉ ይጫን። ኢንተርኔት የከበደባችሁ ድሬ ያላችሁ ኢንቦክስ አርጉኝ፣ ኢንስታለሩም የቶታል ሴግመንቴተሩ ከባድ ፋይልም ወርዶ አለኝ፣ 32 ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ሲዲ ማንበቢያ የሌለው ላፕቶፕ ያላችሁም ሲዲያችሁን አምጡት፣ ውጪ የሚሰካው አለኝ፣ አብረን እንገለብጠዋለን።